ከመርፌው በፊት ፕላትሌት ይታይ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ትራማዶል ሱስ ሕክምና ያወጣችሁት ጽሑፍ ናልትሬክሶን የተባለውን መድኃኒት በደንብ አስረድቷል። የደምን ነገር ግን ዘሎታል።

ናልትሬክሶን ኦፒዮይድ (እንደ ትራማዶል ያለ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ) አንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ክኒኑ በየቀኑ ይዋጣል። መርፌው ደግሞ 380 ሚሊ ግራም ሆኖ በየወሩ መቀመጫ ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። ስጋቴ መርፌው ላይ ነው። ፕላትሌቱ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ያነሰ ሰው ጡንቻው ሲወጋ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። የመድኃኒቱ መመሪያም እንዲህ ላለ ሰው ጥንቃቄ ይደረግ ይላል።

ድሬዳዋ ላይ ይሄ የወረቀት ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ ወዲህ የደንጊ ትኩሳትን በደንብ እናውቀዋለን። ደንጊ ፕላትሌት ያወርዳል። ሳቢያን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ታማ በነበረ ጊዜ ጥርሷን በመፋቂያ ስትነካው ድዷ ይደማ ነበር። ደም የተቀዳችበት ክንዷም ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ቆየ። በዚያ ሰሞን ጡንቻ መወጋት አያስፈራም?

ሰው ሕክምናውን ይሽሽ እያልኩ አይደለም። ልጁ ከሱስ የወጣለት ቤተሰብ ዋጋውን ያውቀዋል።

ስለዚህ መርፌውን የሚያዝ ሐኪም አስቀድሞ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳትና የፕላትሌት ቆጠራ) ያሠራ። ለትኩሳት ስንሄድ ሁሌ የምንታዘዘው ምርመራ ነው። ፕላትሌቱ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ በታች ከሆነ ወይም ታካሚው በቅርቡ ትኩሳት ከነበረው፣ መርፌው ይቆይና ምርመራው ይደገም፤ እስከዚያው ክኒኑ ይሆነው እንደሆነ ይታይ።

አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ