ደብዳቤ ለልጄ፦ የክለብ ዕዳና የሰው ዕዳ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል፤ ደረጃ መውጣት ጀምራለች። ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነበር። ስለ ራሱ ሁለት ቃል ተናገረና የቀረውን ሰዓት ያንቺን ወሬ አወራኝ። አትቆጪው። ተጨንቆ ነው።

አብራሽ ከምትኖረው ልጅ ጋር በኳስ ተጣልታችኋል አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ አንድ ቤት ተከራይተው ባይጣሉ ነበር የሚገርመኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን አላሳቀኝም። ጓደኞቻችሁ ተሰብስበው ባሉበት፣ «የሁለት ወር ኪራይ ያልከፈለች ስለ ክለብ ገንዘብ ታወራለች» ብለሻታል። ልጅቷ ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባች። ጨዋታው እስኪያልቅም አልወጣችም። እውነት ነው?

አንድ ነገር ልንገርሽ። ደጋግሜ ብነግርሽም አትሰልቺኝ። የክለብ ሒሳብ ስታወሪ የሰው ሒሳብ አታንሺ።

የጀመረችው እሷ እንደሆነች ሰምቻለሁ። «እናንተ አንደኛ ዲቪዚዮን (ያኔ ከፍተኛው ሊግ ነበር) የገባችሁት በጓሮ በር ነው» ብላሻለች። አንቺ ደግሞ ውሸት ነው ብለሽ ድርቅ አልሽ። ውሸት አይደለም ልጄ። ያሳደግሁሽ አርሰናልን እንድትደግፊ እንጂ ስለ አርሰናል እንድትዋሺ አይደለም። ክለቡን በ1886 የመሠረቱት ለንደን ውስጥ ዉልዊች የነበረ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። በ1910 ካዝናው ባዶ ሆነ። ሄንሪ ኖሪስ የሚባል ባለሀብት ያዘውና በ1913 የቴምዝን ወንዝ አሻግሮ ሃይበሪ አመጣው፤ ቶተንሃም የሚባለው ክለብ አፍንጫ ሥር። እዚያ የሄደው ተመልካች ፍለጋ ነው እንጂ ጠብ ፍለጋ አልነበረም። ጠቡ ራሱ መጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 አንደኛ ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ክለብ ሲሰፋ፣ መጨረሻ የወጣው ቶተንሃም እቆያለሁ ብሎ ይጠብቃል። ድምፅ ተሰጠና ከታችኛው ዲቪዚዮን አርሰናል ገባ። አርሰናል ደግሞ ታችም አንደኛ ወጥቶ አልነበረም! ኖሪስ ያንን ድምፅ እንዴት እንዳገኘ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል፤ የተረጋገጠ ነገር ግን የለም። ቶተንሃም ወረደ፤ በዓመቱ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ቂሙ ግን ቀረ።

ስለዚህ መልስሽ መሆን የነበረበት፣ «አዎ ገባን፤ ከገባን ወዲህ ግን አንድም ቀን አልወረድንም። እናንተ በ1974 ወርዳችኋል» ነበር። በቃ። አጭር፣ እውነት፣ የሚያበሽቅ። መበሻሸቅ የኳስ ቅመም ነው፤ እሱን አልከለክልሽም።

የገንዘቡን ክርክር ደግሞ ሒሳቡንም ሳታውቂው ነው የገባሽበት። ወንድምሽ እንደነገረኝ «በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ተጫዋች ሲገዙ በዚያው ዓመት 100 ሚሊዮን ይከስራሉ» ብለሻል። እንደሱ አይደለም። ተጫዋቹ የአምስት ዓመት ውል ከፈረመ መዝገቡ ላይ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። አካዳሚ ውስጥ ያደገ ልጅ ሲሸጥ ግን መዝገቡ ላይ የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት በሙሉ ትርፍ ይሆናል። ክለቦች የገዛ ልጆቻቸውን ለመሸጥ የሚቻኮሉት ለዚህ ነው። ያሳዝናል፤ ግን ሕጉ ነው እንዲህ ያደረገው። በ2023 በነበረው የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይቻልም ነበር። ኤቨርተን በዚያው ዓመት አልፎ ተገኘና 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ 6 ወረደለት። ይሄን አጥኚ። ሰው ፊት አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት።

ስለ ማንቸስተር ዕዳ ያልሽው ትክክል ነው። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዙት አብዛኛው ብድር ነበር። ከብድሩም ብዙውን ለተገዛው ክለብ አሸከሙት። ግን ይሄን ለጓደኛሽ እንደ ስድብ መወርወር ምን ይባላል? ከእሷ በላይ ማን ተቃጠለ? ከደጋፊዎቹ መካከል በዚያው ዓመት ጥለው ወጥተው የራሳቸውን ክለብ ያቋቋሙ አሉ። በ2010 ደግሞ ስታዲየሙ ለተቃውሞ በአረንጓዴና ወርቃማ ሻርፕ ተሞልቶ ነበር፤ የኒውተን ሂዝ ቀለም ነው፣ የድሮ ስማቸው። እሷ ዕዳውን አልተበደረችም። እኛም ብንሆን ዕዳ አይተናል። በ2006 ከሃይበሪ ወጥተን ኤምሬትስ ስንገባ ስታዲየሙ ወደ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ከዚያማ ተጫዋች መሸጥ ነው። ኦንሪ በ2007 ሄደ። ፋብሪጋስና ናስሪ በ2011። ቫን ፐርሲ በ2012፤ ያውም ለእነሱ።

እዚህ ላይ ነው ወደ አጎትሽ፣ ማንቸስተርን ወደሚደግፈው ወንድሜ፣ የምመጣው።

ኤፕሪል 28፣ 2013 እሑድ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጠሽ የኔን ማሊያ እስከ ጉልበትሽ ለብሰሽ ነበር። ማንቸስተር በሳምንቱ መጀመሪያ ዋንጫውን ስላረጋገጠ የኛ ልጆች በገዛ ሜዳችን ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡላቸው። ቫን ፐርሲ በመሃል አለፈ። አጎትሽ ምንም አላለም። ሻዩን ይጠጣል። ዋልኮት ገና በሁለተኛው ደቂቃ ሲያገባ እኔ ጮህኩ። ከእረፍት በፊት ቫን ፐርሲ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ ሲያደርግ አጎትሽ ትንሽ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ያሳበደችኝ።

«ዋንጫ ምን ይሠራል፣ ክለብህ በዕዳ የተያዘ ነው» አልኩት። ሳቀ። «እኛስ በዕዳም ቢሆን እንበላለን» አለኝ። ቀልዱ ነበር። እኔ ግን ጎረቤቶቹ፣ የእናትሽ ወንድሞች፣ ሁሉም ባሉበት፣ «አዎ፣ አንተም እንደ ክለብህ ነህ፤ የሞተሩን ብር መቼ ነው የምትመልስልኝ?» አልኩ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። በቀስታ፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ክብ ቀርቶ ነበር፤ በእጅጌው ጠረገው። ጫማውን ሲያስር ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አንቺ «አጎቴ፣ አላለቀም እኮ» አልሽው። ራስሽን ዳሰሰና ወጣ።

አየሽ፣ ያቺ ቀን ብቻ አይደለችም የምታቃጥለኝ። በ2011፣ በነሐሴ፣ 8 ለ 2 ያገቡብን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን እያየሁ ጠበቅሁት። እንዲህ ያለ ቀን ለሚበሻሸቁ ወንድማማቾች በሕይወት አንዴ ነው የሚመጣው። አልደወለም። በማግስቱ ዳቦ ይዞ መጣ፣ ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ መኪናው አወራ፣ ስለ ኳስ አንድ ቃል አላነሳም። እሱ ስምንት ጎል በእጁ ይዞ ማረኝ። እኔ አንድ ለአንድ ሆነን አልማርኩትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ብሩን በእናትሽ በኩል ላከ። ሙሉውን። በላስቲክ የታሰረ ዝርዝር ብር፤ ከየት ከየት እንደለቃቀመው እግዜር ይወቅ። ላስቲኩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶም ሰርግም ይመጣል፣ ይስመኛል፣ ጤናዬን ይጠይቃል። ጨዋታ ግን አብሮኝ አይቶ አያውቅም። እኔም ይቅርታ አላልኩትም። ብሩን መልሷል፣ ምን ልበለው እያልኩ ዓመቱ ሄደ።

የክለብ ሒሳብ ስታወሪ የሰው ሒሳብ አታንሺ ያልኩሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ዛሬ ማታ በሯን አንኳኪ። በስልክ አትጻፊላት። ቀልድ ነበር እንዳትዪ፤ ቀልድ እንዳልነበረ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ይቅርታ ስትጠይቂ ስለ ኳስ አታንሺ። ስለ ኪራዩም አታንሺ፤ እሷ ካነሳች ብቻ ስሚ። ምናልባት ቤተሰቦቿ ጋ ችግር ይኖራል፤ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? የኪራይ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ግን እይና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ያንቺን ድርሻ የከፈልሽበትን ደረሰኝም አንድ ቦታ አስቀምጪ። የዋህ ሁኚ አልኩ እንጂ ሞኝ ሁኚ አላልኩም።

ደግሞ ያ ሳል አለቀቀሽም አሉ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እናትሽ እንዳትሰማ ነው በደብዳቤ የምጽፈው።

ልጄ፣ ምላስሽ የኔ ነው። ክለቡንም ምላሱንም አንድ ላይ አወረስኩሽ። በክለቡ አልጸጸትም።

ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ለአጎትሽ ልደውልለት አስቤያለሁ፤ ና አብረን እንይ ልለው። እኔ ስልክ ላይ ያለው ቁጥር የድሮው ነው፣ አይሠራም። እናትሽን መጠየቅ ከበደኝ። አዲሱ ቁጥር ወንድምሽ ጋ ይኖራል፤ ተቀብለሽ ከዓርብ በፊት ላኪልኝ።

አባትሽ