«እና ሌሎች»

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? የሚኒሶታ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ስድስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አሁን እንዲህ በሰላምታ መጀመሬ ለራሴም ያስቀኛል። በየእንቁጣጣሹ መልእክት እጽፍልሽና ሳልልከው አጠፋዋለሁ። ስልኬ ላይ ስምሽ ዛሬም «ጣፊያ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ያንን ስም ያወጡልሽ የመተማ ልጆች አሁን የት ይሆኑ?

ያስጻፈኝን ልንገርሽ። ባለፈው እሑድ ለደረጃ እድገት የማቀርበውን ፋይል ሳሰናዳ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ካርቶን አወረድኩ። ውስጡ ስለ ካላ አዛር፣ ስለዚያ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ስለሚተላለፍ ጣፊያ አሳባጭ በሽታ፣ መተማ ላይ የሠራነው ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ነበር። በአረንጓዴ እስክሪብቶ አርመሽዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሲኒ ቂጥ ክብ አትሞበታል። ዳሩ ላይ «ይሄን የጻፈ ሰው ትንፋሽ አይወስድም እንዴ?» ብለሻል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ ስድቡ በአማርኛ። ዓረፍተ ነገሩ የኔ ነው፤ ስድስት መስመር ይሆናል። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ።

ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት እያመለከትኩ ነው። የሚጠየቀው ግልጽ ነው። ስንት አሳተምሽ? የት አሳተምሽ? ስምሽ ስንተኛ ላይ ነው? ስንት ሰው ጠቀሰሽ? ስንት በሽተኛ አየሽ የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

እናም ማን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥረው ጉግል ስኮላር ላይ ገጼን ከፈትኩ። ኤች ኢንዴክሴ 9 ነው። አንቺ እያለሽ ይሄ ነገር እዚህ ብዙም አይወራም ነበር። አሁን በሻይ ሰዓት እንደ ደም ግፊት ነው የምንጠያየቀው፤ «ያንቺ ስንት ደረሰ?» 9 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 9 ጊዜ የተጠቀሱ 9 ጽሑፎች አሉኝ ማለት ነው። 10 ለመግባት አሥር ጽሑፎቼ አሥር አሥር ጊዜ መጠቀስ አለባቸው። መለኪያውን ያመጣው ሐኪም እንዳይመስልሽ። ሆርጌ ሂርሽ የሚባል ካሊፎርኒያ ያለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። ለራሱ ሙያ ሰዎች ያሰበውን እኛ ተሸክመነው ቀረን። ደግሞ እንደ ደም ግፊት አይወርድም። ሰውየው ቢሞት እንኳ ማደጉን ይቀጥላል።

አሁን የሚገርመውን ስሚ። ከሁሉም በላይ የተጠቀሰልኝ ጽሑፍ የዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ነው። በሲያትል የሚመራው፣ ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የሚወጣው። የደራሲዎቹ ስም ብቻ ገጾች ይሞላል። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ብዙዎቻችን አለንበት። እኔ ምን ሠራሁ? የሀገራችንን ሠንጠረዥ አይቼ ሁለት ኢሜይል ጻፍኩ። በሺዎች ተጠቅሷል። ጥናቱን እያናናቅሁ አይደለም፤ ለክፍል የማስተምርበትን ቁጥር ራሴ ከሱ ነው የምወስደው። ግን ሁለት ኢሜይል ናት። ኤች ኢንዴክስ እዚህ ላይ ብልጥ ነው፣ ሺዎቹን ሁሉ እንደ አንድ ጽሑፍ ይቆጥራቸዋል። ጠቅላላ ድምሩ ግን ያብጣል። ልክ እንደ ካላ አዛር በሽተኛ፤ ሆዱ ተነፍቶ እጅና እግሩ ክር።

የኛዋ የመተማዋ ጽሑፍስ? 17። የካላ አዛር በሽተኛ መርፌ የሚወጋበት ቀን ያህል። ከ17ቱ አራቱን የጠቀስኩት እኔ ራሴ ነኝ። ጉግል ስኮላር ይሄንን አይቀንስም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም።

ያንን የሊቦ ከምከም ልጅ ታስታውሺዋለሽ? ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ በዚያ ስንጥቅጥቅ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ግራር ሥር ሲያድር የከረመው። የአሸዋ ዝንቧ ሰፈር እዚያው መሆኑን ማን ይንገረው? አገሩ እያለ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጥተውታል። በሀገሩም እ.ኤ.አ. በ2005 ወረርሽኙ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው እንደዚሁ «ወባ ነው» ሲባል ነበር። አስተኝተሽው ጣፊያውን ከጎድን አጥንቱ ሥር እስከ እምብርቱ በታች በጣትሽ ተከተልሽው። ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገሽ በሜትር ለካሽ። ልጁ ቀና ብሎ አየና «እቴ፣ ካርታ ሣልሽብኝ እኮ» አለሽ። ሠንጠረዥ 2 ላይ እሱ አንዲት ቁጥር ነው።

ደግሞ የሚጠቀሰው ማን መሰለሽ? አባቴ። ፈረንጅ የሚወስደው የመጨረሻውን ስም ነው፤ የኔን በአንድ ፊደል ያስቀረዋል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሸማ ሲሠራ ነው የኖረው። ካላ አዛር የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም። አሁን በጆርናል ይጠቀሳል። ስሙን አንድ ጊዜ በአንድ ኤስ፣ አንድ ጊዜ በሁለት ኤስ ስለጻፍኩት ደግሞ ሁለት ሰው ሆኛለሁ። ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦርኪድ የሚባል ባለ16 አኃዝ መለያ ወጥቷል፤ እኔም አወጣሁ። ቢሆንም ጉግል ስኮላር ስለ ዶሮ ፈንግል የተጻፈ ጽሑፍ አምጥቶ ገጼ ላይ ለጠፈልኝ። ከኔ ጋር የአባት ስም የሚጋራ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ከኛ ጽሑፍ ይበልጥ ተጠቅሷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳምንት ያህል አልሰረዝኩትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ገንዘብ ከፍሎ ማሳተሙም እንደ ጉድ ሆኗል። በቀን ሦስት አራት ኢሜይል ይመጣልኛል፤ «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያለ። ትናንት ስለ ዓይን ሕክምና ጻፊልን ብለውኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት የውሸት የካንሰር ጥናት ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። የሚያስቀው ቁጥሩ አይደለም። እኔም አንድ ሌሊት፣ ቀነ ገደቡ ሲያጣድፈኝ፣ ካርድ ያለው ዘመድ ማን ነው ብዬ ማሰቤ ነው። መብራት ጠፋና ተረፍኩ።

መጠቀስም መመስገን አይደለም። የዌክፊልድን ጽሑፍ እናውቀው የለ? እ.ኤ.አ. በ1998፣ 12 ሕፃናት ይዞ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ሊያያይዝ የሞከረውን። ላንሴት በ2010 ሰርዞታል። ዛሬም ይጠቀሳል፤ አብዛኛው የሚጠቅሰው ሊነቅፈው ነው። ቆጣሪው ግን ይሄ እርግማን ነው ያ ምርቃት ነው አይልም፤ አንድ ብሎ ይመዘግባል።

ፋይሉን ሳሰናዳ ደጋግሞ ትዝ ያለኝ ሳይንቲስታችን አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያ ሲያጠና ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከነሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል! የመጀመሪያውን አጭር ዘገባ ያወጣው በዓመቱ፣ እዚሁ፣ በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ላይ ነው። ጆርናሉ ያኔ ገና የሦስት ዓመት ጨቅላ ነበር፤ የተመሠረተው በ1962 ነውና። ዛሬ እኔ ያንን ይዤ ብቀርብ «የሀገር ውስጥ ነው» ተብሎ ነጥቡ ይቀነስብኛል። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። ደስ ይለኛል። ብቻ እነዚያ አጣቢዎች ማን ማን ይሆኑ ነበር? እንዶዱን ለስንት ትውልድ ሲወቅጡ የኖሩት እነሱ ናቸው።

እሺ፣ ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን የተጠማዘዝኩት ይሄን ላለመጻፍ ነው።

ጽሑፉን ልንልክ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ አለቃችን ስማቸው ሁለተኛ ላይ እንዲገባ ፈለጉ። መተማን አላዩም። ረቂቁን ያነበቡትም አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ከእጃቸው አንድ የድጋፍ ደብዳቤ እየጠበቅሁ ነበር። አንቺን ወደ ሦስተኛ አወረድኩሽ። ደውዬ «ምን ልዩነት አለው፣ ሁላችንም አለንበት» አልኩሽ። ትንሽ ዝም አልሽ። ከዚያ «እሺ» አልሽ። ያቺ እሺ ስድስት ዓመት ቆየች።

ልዩነት አለው። ያኔም አውቀው ነበር። በኛ ሙያ የመጀመሪያው ስም የሠራው፣ የመጨረሻው ስም የመራው ተብሎ ነው የሚነበበው። የመሃሉን ማንም ዞሮ አያየውም፤ ነጥቡም ለመሃሉ ሰው ተቆራርሶ ነው የሚደርሰው። ሰው ጽሑፋችንን ሲጠቅስ የአባቴን ስም ይጽፍና «እና ሌሎች» ይላል። አንቺ እዚያ ውስጥ ነሽ። የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል 4 መስፈርት አስቀምጧል። በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ መሥራት፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ መቀበል፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ይሄን ተማሪዎቼን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ስላይዱ ላይ ስደርስ ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ።

አሁን ስማቸውን አውጡልኝ ብዬ ለጆርናሉ ብጽፍ የሁሉም ደራሲ ፊርማ ይጠየቃል፤ የሳቸውም ጭምር። ሞክሬ ነው የምልሽ። ፈገግ ብለው «ይሄ አሁን ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ፋይሌ ላይ ግን የእያንዳንዱን ጽሑፍ ድርሻ አስረጂ የሚል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ የሠራሽውን ሁሉ በስምሽ ዘርዝሬ ጽፌዋለሁ። ግማሽ ገጽ ወሰደ። ነጥቤን ቢቀንስብኝ ይቀንስ። ይቅርታ አድርጊልኝ። በስልክ ልለው ፈልጌ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው በጽሑፍ የሆነው።

ሌላ ደግሞ ጉዳይ አለኝ። ባለፈው ሳምንት መተማ የሚሠራ አንድ ወጣት ጤና መኮንን ጻፈልኝ። ጽሑፋችንን አንብቦታል። የፈለገው ውጤቱን አይደለም፣ ኤች ኢንዴክሴንም አይደለም። የዘዴው ክፍል ውስጥ ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የጠየቀኝ። የቀን ሠራተኞቹን ከሕክምና በኋላ እንዴት አገኛችኋቸው? ቀበሌ ሲጠየቁ የተሳሳተ ይናገራሉ፣ ስልክ ይቀይራሉ፣ እኔ ግማሾቹ ጠፉብኝ አለኝ።

እኔ ምን ልበለው? ያንን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። «ቀበሌህን ተወው፣ ደብርህ ማን ነው? መስጊድህስ? የንስሐ አባትህን ስም ንገረኝ» እያልሽ የሞላሽው ቅጽ። በኋላ ስንት ልጅ በቄስ በኩል አስጠርተን አገኘን! ልጁ ቅጹን ሊጠቀምበት ነው እንጂ ሊጠቅሰው አይደለም፤ እዚያ ሆስፒታል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የትኛውም ቆጣሪ አያየውም።

ቅጹ እኔ ጋ የለም። ካርቶኑን ገልብጬ ፈልጌያለሁ። ክዳኗ የተሰበረ ሰማያዊ ፍላሽ ነበረችሽ፣ እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ወደዚያ ስትሄጂ ይዘሻት እንደነበር ቦሌ ላይ አይቻለሁ። ካገኘሽው የልጁን አድራሻ እልክልሻለሁና በቀጥታ ለሱ ላኪለት። ስታትሚው ከላዩ ላይ ስምሽን ጻፊበት። ያንቺን ብቻ።

ለእናትሽ እግር ስሜአለሁ በይልኝ።

ትንፋሽ የማትወስደው ጓደኛሽ