ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም

ሆዴ፣ እንደምን ከረምሽ?

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይባላል። ያቺን መስመር ዛሬ ማታ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት። ላንቺ እሷን መላክ አልሆነልኝም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዝም ብዬሻለሁ። የላክሽልኝን ሁሉ አይቼዋለሁ፣ አንዱም አላመለጠኝም። የአባዬ አርባ ሰሞን የላክሽው የድምፅ መልእክት ስልኬ ላይ ሳይከፈት ቆይቶ ነበር። ባለፈው እሁድ ሰማሁት። ከዚያ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ። በቀጥታ ግን አይመጣልኝም። ከምሠራው ነገር ተነስቼ ነው የገባኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀምሬያለሁ። እዚሁ ድሬ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ። የመመረቂያ ርዕስ ስንመርጥ ሌላው የሰብል በሽታን በፎቶ መለየት፣ የባንክ ማጭበርበርን መለየት ሲል እኔ የሰውን ሙድ መረጥኩ። ስሜት እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ እኛም እንዴት እንደምንገራው፣ በሒሳብ ጽፎ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ። አማካሪዬ «ለምን ይህን?» ሲለኝ የሆነ ነገር መለስኩለት። እውነተኛው ምክንያት ግን አባዬ ከሞተ በኋላ በገዛ ሆዴ ውስጥ የሚሆነው ነገር ስላልገባኝ ነው።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ጥናት የነ ሮብ ረትሌጅ ነው። ለንደን ሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት። ሰዎችን ጨዋታ ያጫውታሉ። ወይ ትንሽ ግን የተረጋገጠ ገንዘብ ትወስጃለሽ፣ ወይ ትልቁን ለማግኘት ዕድልሽን ትሞክሪያለሽ። በየመሃሉ «አሁን ምን ያህል ደስ ብሎሻል?» ይሉሻል። መጀመሪያ 26 ሰው ላይ፣ ቀጥሎ በስልክ መተግበሪያ 18,420 ሰው ላይ ሞከሩት። ደስታው የተከተለው የተጠራቀመውን ገንዘብ አልነበረም። ከጠበቅሽው በልጦ ነው የመጣው ወይስ አንሶ፣ እሱን ነው የተከተለው። የቅርቡ ይከብዳል፣ የቆየው እየደበዘዘ ይሄዳል።

ይህን ሳነብ አባዬ ትዝ አለኝ። ታስታውሻለሽ፣ ምድር ባቡር እያለ ከጅቡቲ ሲመለስ አንዳንዴ ቴምር ይዞ ይመጣ ነበር። ቃል ሳይገባ ያመጣት አንድ እፍኝ ቴምር ሳምንት ሙሉ ታስደስተኝ ነበር። አሻንጉሊት አመጣልሻለሁ ብሎ ሳይመቸው የቀረ ቀን ደግሞ፣ ቴምሩን ይዞ መጥቶም እንኳ፣ አልቅሼ ነው የተኛሁት። ቴምሩ ያው ቴምር ነው። የተለየው የጠበቅኩት ነው። ቮልፍራም ሹልትስ የሚባል ሳይንቲስት የጦጣዎችን አንጎል ሲያዳምጥ ይኸንኑ ነው ያገኘው። ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚረጩት ሴሎች ጭማቂ ሳይታሰብ ሲመጣ ይጮኻሉ፣ ሲለመድ ዝም ይላሉ፣ ተጠብቆ ሲቀር ደግሞ ከወትሮውም ያነሰ ድምፅ ያሰማሉ።

ስሜት መጥቶ ይሄዳል፣ ሙድ ግን ይቀመጣል። ለምን ይቀመጣል? እኔ በቀፊራ ገበያ ነው የማስበው። ማንጎ ልትገዢ ገባሽ እንበል። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ጋ ርካሽና ጣፋጭ አገኘሽ። ሁለተኛዋም ጋ እንደዚያው። ሦስተኛዋ ጋ ሳትደርሺ ልብሽ አውቆታል፣ ወቅቱ ገብቷል። እያንዳንዷን ለየብቻ መፈተን አያስፈልግሽም። ምሳሌው የኔ ነው፣ ሐሳቡ ግን የነ ኤራን ኤልዳርና ያኤል ኒቭ ነው። ሙድ ማለት ነገሩ ባጠቃላይ ወደ መሻሻል ነው ወይስ ወደ መበላሸት የሚል የአንጎል ግምት ነው ይላሉ። ጥሩ ግምት ነው፣ ይጠቅማል። ክፋቱ ግምቱ ራሱ ዓይንሽን ሲያቀልመው ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ። ኮምፒውተሬ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሠራሁ፣ ጥቂት መስመር የፓይተን ኮድ ናቸው። በየቀኑ የሚደርስባቸው ነገር ቁጥር በቁጥር አንድ ነው፣ ያው ዕድል፣ ያው ኪሳራ። የሚለያቸው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሙዳቸው የሚያገኙትን ነገር ምን ያህል ያቀልመዋል የሚለው። የመጀመሪያዋ ይከፋታል፣ ይመለስላታል። ሁለተኛዋ ግን ደስ ሲላት ያገኘችው ትንሽ ነገር ትልቅ ይመስላታል፣ ትልቅ ስለመሰላት ለነገ ከዚያ የበለጠ ትጠብቃለች፣ ነገ የሚመጣው ያው እንደ ወትሮው ስለሆነ ትወድቃለች፣ ወድቃ ሳለች የሚመጣውን መልካም ነገር እንደ ምንም ታየዋለች፣ ከዚያ የምትጠብቀው እያነሰ እያነሰ ይሄድና አንድ ቀን ተራው ነገር ራሱ በጎ ሆኖ ይታያትና እንደገና መውጣት ትጀምራለች። ከጎረቤቷ የተለየ አንድም ነገር አልደረሰባትም! ስክሪኑ ላይ መስመሯ ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ አለቀስኩ። ስንቱን ሰው «ምን ጎደለባት?» ብለን አምተናል።

ኤልዳርና ኒቭ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንን ሰው ላይ አይተውታል። ሙዳቸው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ሰዎች፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ደስ ባላቸው ሰዓት የተጫወቱበትን የቁማር ማሽን ከሌላው አስበልጠው መረጡት። ማሽኖቹ የሚሰጡት ግን እኩል ነበር።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

ወንዛችንን ደቻቱን ታውቂዋለሽ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደንገጎ ተራራ በኩል የዘነበው ሌሊት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሆነውን አብረን ነው ያየነው፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። እኔም ላይ እንደዚያ ይመጣ ነበር። ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ጥሩ ቀን ውዬ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳይሆን ውኃው ይመጣል። ምክንያቱን ከዚያ ቀን ውስጥ ስፈልገው ነበር ለካ፣ የዘነበው ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ ነው።

ጎርፍ ደግሞ ሁለት ቦታ ይያዛል። ላይ፣ ተራራው ላይ፣ በእርከንና በዛፍ። ታች፣ ከተማው ውስጥ፣ በግንብ። ጄምስ ግሮስ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1998 ስሜትን የምንገራባቸውን ቦታዎች በአምስት ከፍሏቸዋል። የምትሄጂበትን መምረጥ፣ የገባሽበትን ሁኔታ መቀየር፣ ሐሳብሽን ወደ ሌላ ማዞር፣ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት፣ በመጨረሻ ደግሞ ስሜቱ ከመጣ በኋላ ምላሽሽን መግራት፣ ለምሳሌ እንዳይታይብሽ ማፈን። አራቱ ላይ ናቸው፣ ተራራው ላይ። አምስተኛው ግንብ ነው። ከዚያ ወዲህ አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች የግሮስን ሐሳብ በቀመር ጽፈውታል። እንዲሰማሽ የምትፈልጊውና የሚሰማሽ በተራራቁ ቁጥር ምርጫሽን ይበልጥ ትቀይሪያለሽ፣ ልክ ሙቀቱ ሲብስ አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንደምንተኛው።

እኔ ግንቡን ብቻ ነበር የማውቀው። የበኩር ልጅ ነኝ። ለቅሶው ላይ ሰው የተቀበልኩት፣ ድንኳን ያስተከልኩት፣ እማዬን የደገፍኩት እኔ ነኝ። «ጠንካራ ናት» አሉ። የግሮስ ሙከራዎች የሚሉት ግን፣ ስሜቱን ያፈነ ሰው ፊቱ ይረጋል እንጂ ውስጡ አይቀልለትም፣ ደግሞ ያን ሰዓት ያየውንና የሰማውን በደንብ አያስታውስም። ይህን ሳነብ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከለቅሶው ሳምንት ምንም አላስታውስማ። አንቺ ከአዲስ አበባ ሌሊት ተጉዘሽ መጥተሽ ሦስት ቀን አብረሽኝ እንዳደርሽ የነገረችኝ እማዬ ናት። ይቅር በዪኝ። ፊትሽን እንኳ አልያዝኩትም።

ካንቺ ጋር ደግሞ ግንብ አይሠራም። ድምፅሽን ከሰማሁ ይፈርሳል፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። አንድ ሳምንት ሲያልፍ ይቅርታው ከበደ፣ ወር ሲሆን ባሰ። ከዚያ «ተቀይማኛለች፣ ከእንግዲህ አትጠብቅም» ብዬ እኔም መጠበቅ ተውኩ። ከማንም ምንም ካልጠበቅኩ ምንም አይጎዳኝም ብዬ።

ይህንንም ሞዴሉ ላይ ሞከርኩት። ምንም የማትጠብቅ ሴት ሠራሁ። እውነትም ድንጋጤዋ ቀነሰ። ግን መልካም ነገር እስኪደርስ ድረስ ባለው ጊዜ መስመሯ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ምክንያቱ በነ ረትሌጅ ቀመር ውስጥ አለ። መጠበቁ ራሱ ክብደት አለው። መልካም ነገር ከመድረሱ በፊት፣ ይመጣል ብለሽ ስታስቢው፣ ደስታሽ ያኔውኑ ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ አንቺን ደስ ይልሻል። የክፍል ጓደኞቼንና ጎረቤቶቼን በስልክ በቀን ሦስት ጊዜ «አሁን ምን ይሰማሻል?» ብዬ ልጠይቅ ተነሳሁ። በሳምንቱ የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ደህና። ደህና። ተመስገን። አልሐምዱሊላህ። አቦ፣ እኛ ስንጠየቅ ደህና ነው የምንለው! ልጅ የቀበረም ደህና ነው የሚለው። ውሸት ሆኖ አይደለም፣ ሰላምታው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ሆድሽ እንዴት ዋለ?» አልኩ። መልሱ ሌላ ሆነ። ሆድ ብሶኛል። ሆዴ ባባ። አንጀቴ ራሰ። ቀልቤ አልተሰበሰበም። ጎረቤታችን፣ ቡና አብረን የምንጠጣ፣ በየቀኑ የማያት ሴት፣ «ልጄ ከሄደ ጀምሮ ሆዴ ባዶ ቤት ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ይህን በቁጥር እንዴት እንደማስገባው እየሠራሁበት ነው። ከውጭ የተዘጋጀ መጠይቅ ተርጉመን ብቻ እንዳንለካ እፈልጋለሁ፣ እዚህ ሰው የሚያመው ሆዱን ነው። ማን እንደጻፈው እንዳይታወቅም ስማቸውን ከመረጃው ሰርዤዋለሁ። የሰው ሆድ ነው የሰጡኝ።

ሞዴሌ አባዬን አያውቀውም። እሱ ሲሞት የቀረብኝን እንደ አንድ ቀን ኪሳራ ነው የሚቆጥረው፣ በየቀኑ እየደበዘዘ የሚሄድ። አይደበዝዝም። ከሰዓት ድሬ ጭር ሲል ለገሃር በኩል ሳልፍ ዛሬም እሱን ነው የማየው። ይህን አማካሪዬም ያውቃል፣ ጽሑፌ ውስጥም እጽፈዋለሁ።

የተረፈው ይኸው ነው። ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ «አትመልሺልኝ፣ ግን እዚህ ነኝ» ትያለሽ።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነው። ከኮሌጅ ጀምሮ አብረን እንሄዳለን ስንል የቀረ አለ። በእግር ባንችል በመኪና እንውጣ፣ ደንገጎ ላይ ቆመን ድሬን ቁልቁል እንያት፣ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ያዢ። ማታ እኛ ቤት ታድሪያለሽ። እማዬ ነግሬያታለሁ፣ ትራሱን አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፣ ገና ሁለት ወር እያለ።

ትመጪያለሽ? ባትችዪም ሌላ ቀን ቁረጪልኝና ጻፊልኝ። ከዛሬ ጀምሬ ልቁጠረው።

ያንቺው
ድሬዳዋ፣ ጥቅምት