የክብ ሜኑው በተኖች ለምን ቦታቸውን ሳቱ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ደርሶናል። የክብ ሜኑውን ኮድ ለገጻችሁ እንዲስማማ ነካ ነካ ስታደርጉት በተኖቹ ተራቸውን ያጣሉ፤ ከክቡ ባይወጡም አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ይሆናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። መመሪያው ላይ አንድ መስመር ሳንጽፍ ቀርተናል።

መስመሩ ይህ ነው፦ ሜኑው የተጻፈበት የኮድ ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ አንግል የሚቀበለው በራዲያን ነው፣ በዲግሪ አይደለም። እኛ ሙሉ ዙር 360 እንላለን፤ እሱ ሁለት ጊዜ ፓይ፣ ማለትም 6.28 ገደማ ይላል። የገጽን መልክ በምናስተካክልበት ሲኤስኤስ ላይ አንድን ነገር በ30 ዲግሪ አዙር ማለት ስለሚቻል፣ ብዙ ሰው እዚህም የሚሠራ ይመስለዋል።

ሜኑው 12 በተን ካለው በየመሃሉ 30 ዲግሪ አለ። የሁለተኛውን በተን የላይና የታች ቦታ ለማስላት ማዝ.ሳይን(30)፣ ማለትም የ30 ሳይን፣ ብላችሁ 0.5 ስትጠብቁ -0.988 ይመጣል። 30 ራዲያን 1719 ዲግሪ ገደማ ነዋ! በተኑ ክቡን አራት ጊዜ ዞሮ፣ በአምስተኛው 279ኛው ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። በስተቀኝ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ሲገባው አናት ላይ ወጥቶ ቁጭ። የሚያናድደው ደግሞ ብራውዘሩ ትንፍሽ አለማለቱ ነው፤ ለእሱ 30ም ትክክለኛ ራዲያን ነው።

ስለዚህ ዲግሪውን በፓይ አባዙትና ለ180 አካፍሉት። 30 ዲግሪ 0.5236 ይሆናል። የክቡ ራዲየስ 100 ፒክስል ከሆነ፣ ኮሳይን በተኑን 86.6 ፒክስል ወደ ቀኝ፣ ሳይን 50 ፒክስል ወደ ታች ይወስደዋል። አዎ፣ ወደ ታች። ትምህርት ቤት ከለመድነው ግራፍ በተቃራኒ ስክሪን ላይ ዋይ (የላይና የታች ቦታ ቁጥር) የሚጨምረው ቁልቁል ነው። የመጀመሪያው በተን አናት ላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከእያንዳንዱ አንግል 90 ዲግሪ ቀንሱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሳይኑ 0.49999999999999994 ቢላችሁ አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ ፓይን ሙሉ በሙሉ መያዝ ስለማይችል ነው። ዓይን አያየውም። ኮዳችሁ ውስጥ ግን «ከ0.5 ጋር እኩል ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ልዩነቱ ከ0.000001 ማነሱን ብቻ አረጋግጡ።

ቀጣዩ እትም ዲግሪ ተቀብሎ ራሱ ይቀይራል። እስካሁን በራሳችሁ ኮድ ስትቀይሩ የቆያችሁ ግን፣ ከማዘመናችሁ በፊት ያንን የመቀየሪያ ኮድ አጥፉት። አለዚያ ሁለት ጊዜ ይቀየርና 12ቱም በተኖች አንድ ቦታ ተደራርበው ታገኟቸዋላችሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የክብ ሜኑው አዘጋጆች