ለልጄ፦ አዲስ በርጩማ የድሮ መልክ እንዲይዝ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለቡና ቤት የታዘዝሻቸው ዐሥር የዋንዛ በርጩማዎች የድሮ መልክ እንዲይዙ ባለቤቱ እንደሚፈልግ በነገርሽኝ ጊዜ፣ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ይህን ጻፍሁልሽ።

እኔ በወጣትነቴ ይህን ሥራ በችኮላ አበላሽቼዋለሁ። የአንድ ጠረጴዛ አራቱንም ጠርዝ እኩል ፈግፍጌ፣ ገጹን በሰንሰለት ደብድቤ አስረከብሁ። የደንበኛዬ እናት እጃቸውን በጠርዙ ላይ አሳልፈው፣ «ልጄ፣ ይህ ጎን ከግድግዳ ጋር የሚቆም አይደለም ወይ? ማን ነክቶት አለቀ?» አሉኝ፤ መልስ አጣሁ። አንቺ ብርጭቆ ወረቀት ከማንሣትሽ በፊት በርጩማው ላይ ተቀመጪና ሰውነትሽ የት የት እንደሚነካው አስተውዪ። ጭን የሚያርፍበት የፊት ጠርዝ፣ ሲያነሡት እጅ የሚጨብጠው ጎን፣ ወለል የሚፈትገው የእግር ጫፍ፣ እነዚህ ብቻ ይለስልሱ፤ ሌላው ቦታ እንደ ተጠረበ ይቆይ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉትን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች አስታውሺ። በየቤቱ ያጠቆራቸው የምድጃ ጢስና የእጅ ወዝ ነው፤ ስለዚህ መቀመጫቸው ሲያበራ ጎድጓዳው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ወደዚህ ለመቅረብ በአቼቶ ውስጥ የዛገ ምስማር ጨምረሽ ጥቂት ቀናት አቆዪ፤ የማይዝግ ሽቦ ግን አይሆንም፣ ጋዝ ስለሚወጣውም ክዳኑን አታጥብቂው። በአቼቶው የሟሟው ብረት በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን (ሻይንም አፍ የሚያደርቅ ከሚያደርገው ንጥረ ነገር) ጋር ሲገናኝ ወደ ግራጫና ጥቁር ይለወጣል፤ እንጨቱ ታኒን ካነሰው አስቀድመሽ ወፍራም ሻይ ቀቢውና ይድረቅ። በምትቀቢበት ጊዜ ውኃ የመሰለው ነገር ዐይንሽ እያየ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራልና፣ መጀመሪያ ከዚያው ከዋንዛው በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞክሪው። ከደረቀ በኋላ የነገርሁሽን ቦታዎች ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መልሰሽ አንጪያቸው።

ማጠናቀቂያው ሰም ነው። የንብ ሰም በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠሽ ከተልባ ዘይት ጋር አዋሕጂ፤ ለጎድጓዳው የሚሆነውን በጥቂት ጥቀርሻ አጥቁሪው። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ግን እባክሽ አትጠቀሚ፤ የደከምሽበትን ሁሉ በአንድ ቀን አዲስ ያደርገዋል።

ለሰውየው በርጩማዎቹ አዲስ መሆናቸውን በግልጽ ንገሪው፤ ነገ ከነገ ወዲያ የሚገዛቸው ሌላ ሰውም እንዲያውቅ ከእያንዳንዱ ሥር የተሠራበትን ዓመት በመሮ ቅረጪ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨምድደሽ ጥግ ላይ እንዳትጥዪው፤ በራሱ ግሎ ያለ ክብሪት ይነድዳል። በውኃ ነክረሽ፣ ዘርግተሽ ደጅ አድርቂው።

አባትሽ