ገበያው ሲከፈት ሰዓቱ አይቀነስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በወረርሽኝ ምክንያት የተዘጉ የሕዝብ ገበያዎች ይከፈቱ ወይስ እንደተዘጉ ይቆዩ በሚለው ላይ ብዙ ተጽፏል። «ይከፈቱ» የሚለው ወገን አብሮ የሚያቀርበው ዝርዝር ግን ከየትም ቢመጣ ያው ነው፤ ሰዓቱ እስከ ቀትር ይሁን፣ ሻጮች በፈረቃ ይግቡ፣ ከአንድ በር በቀር ሁሉም ይዘጋ፣ ማታ ማታ መድኃኒት ይረጭ። ከአራቱ ሦስቱ ሰውን ይበልጥ ያጨናንቃሉ። አራተኛው ገንዘብ ይበላል። እኛ ከሥራው የምናውቀውን በቁጥር አስደግፈን ብናቀርብ ለውሳኔ ሰጪዎች ይጠቅም ይሆናል በሚል ይህን ጽፈናል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ገበያው በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይችላል የሚለው ነው። በቀን ስንት ሰው ይገባል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ስህተቱ የሚጀምረው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ሜትር ይያዝና መተላለፊያው ብቻ ይለካ። መደቡ፣ መጋዘኑ፣ ዕቃ የተከመረበት ጥግ አይቆጠርም። በሰውና በሰው መካከል 2 ሜትር እንዲኖር ከተፈለገ ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ይያዛል። መተላለፊያው 1,200 ካሬ ሜትር ቢሆን 300 ሰው ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ላይ መተላለፊያውን ሲመላለሱበት የሚውሉት ተሸካሚዎች፣ የሻጭ ረዳቶችና ጥበቃዎች ይቀነሳሉ። እነሱ 60 ቢሆኑ ለሸማች የሚተርፈው 240 ቦታ ነው። ብዙ አስተዳደሮች ይህን ቅነሳ ይዘነጉታል፤ ገበያው በወረቀት ላይ ሰፊ፣ በእግር ሲሄዱበት ጠባብ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ሰዓቱ ይምጣ። አንድ ሸማች በአማካይ 40 ደቂቃ ውስጥ ቢቆይ፣ 240 ለ40 ሲካፈል በደቂቃ 6፣ በሰዓት 360 ሰው ማስገባት ይቻላል። ገበያው በቀን ለ10 ሰዓታት ክፍት ከሆነ 3,600 ሸማች ሳይጨናነቅ ይስተናገዳል። ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ወደ 5 ሰዓታት ሲወርድ የሚስተናገደው 1,800 ይሆናል። የቀሩት 1,800 ሰዎች ግን የሚበሉትን ሳይዙ ቤታቸው አይቀመጡም። ወይ በር ላይ ተጠጋግተው ይሰለፋሉ፣ ወይ ጥበቃው ይሰለችና ይለቃቸዋል። ሰዓት መቀነስ ሰውን አይቀንስም።

ቀን መቀነስም እንዲሁ ነው። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ጥብቅ ገደብ ካወጡ አገሮች አንዷ ነበረች። በኤፕሪል ወር ወንዶች በሦስት ቀን፣ ሴቶች በሌላ ሦስት ቀን ብቻ ከቤት እንዲወጡ ተወሰነ። ለቤት የሚሸምቱት በብዛት ሴቶች ስለሆኑ በሴቶቹ ቀን ገበያው ጢም አለ፤ ውሳኔውም ከሳምንት ያህል በኋላ ተሻረ። ማቀዝቀዣ ያለው ቤተሰብ በአገሪቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆኑም መረሳት አልነበረበትም። ምግብ የሚያሳድርበት የሌለው ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ሸምት ቢባል አይችልም።

ሰዓቱን ሳይነኩ ሊቀነስ የሚችለው የአንድ ሸማች ቆይታ ነው። 40 ደቂቃው ወደ 24 ቢወርድ በደቂቃ 10፣ በሰዓት 600 ሰው ይገባል፤ ቦታ ሳይሰፋ፣ ሰው ሳይጠጋጋ። ለዚህ የሚያስፈልገው ርካሽ ነገር ነው። ዋጋ በካርቶን ላይ በትልቁ ተጽፎ ከሦስት ሜትር እንዲነበብ ይሰቀል። የሚመዘን ዕቃ ቀድሞ በግማሽ፣ በአንድና በሁለት ኪሎ ታስሮ ይጠብቅ። የትኛው ዕቃ በየትኛው መደዳ እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል በር ላይ ይለጠፍ። የዋጋ ጽሑፉ ሌላም ጥቅም አለው። ዋጋ ሲጠየቅና ሲጠራ የሚውል ሻጭ ይጮኻል፤ የሚጮህ ሰው ደግሞ በዝግታ ከሚያወራው በብዙ የሚበልጥ ጠብታ ከአፉ ይወጣል። የድምፅ ማጉያና ከፍ ያለ ሙዚቃም በዚሁ ምክንያት መቆም አለባቸው፤ እነሱን ለማሸነፍ ሁሉም ሰው ይጮኻልና። የዋጋ ክርክሩ ግን ፈጽሞ ይቀራል ብለን አንጠብቅም።

ሻጮችን በፈረቃ የማስገባቱ ሐሳብ ሲሰሙት ብልህ ይመስላል። ግማሹ ሻጭ ሲቀር ሸማቹ ያው ነው፤ በእያንዳንዱ መደብ ፊት ያለው ወረፋ እጥፍ ይሆናል። ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ የያዘው ሻጭ ደግሞ ተራው እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ዘርግቶ ይሸጣል፣ እዚያ ደግሞ ሰው የሚቆጥርም የእጅ መታጠቢያ ውኃም የለም። ግማሹን ሻጭ ከማስቀረት ወደ ገላጣ ቦታ ማውጣት ይሻላል፤ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የኳስ ሜዳ፣ ለመኪና የተዘጋ መንገድ ይሆናል። በምያንማር የካላው ከተማ በኤፕሪል 2020 ሻጮች መሬት ላይ በተሰመረ መስመር ተራርቀው ጎዳና ላይ እንዲቀመጡ ተደርጎ ነበር። ወጪው ከኖራና ከሜትር ብዙም አያልፍም።

በር በተመለከተ፣ «ለቁጥጥር እንዲመች» ተብሎ አንዱ ብቻ ሲቀር የሚገባና የሚወጣ ሰው ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ እሳት ቢነሳም መውጫ የለም። ካሉት በሮች ግማሹ መግቢያ፣ ግማሹ መውጫ ይሁን፤ የአደጋ መውጫ ፈጽሞ አይቆለፍ። በየበሩ አንድ ሰው የመቁጠሪያ መሣሪያ ይዞ ይቁም፣ ከሌለም በጠጠር ይቁጠር፤ ከገባው ሰው የወጣው ሲቀነስ ውስጥ ያለው ይገኛል። ቆጣሪ መሳቱ ስለማይቀር ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሰው መደዳዎቹን ዞሮ በዓይን ቆጥሮ ቁጥሩን ያስተካክል። መተላለፊያው ስፋቱ 3 ሜትር ሆኖ በሁለቱም ጎን መደብ ካለ፣ በየመደቡ የቆመው ሸማች ከሁለቱ ወገን 1 ሜትር ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆን አለበት። 2 ሜትር ብቻ ከሆነ የአንዱ ጎን መደቦች መነሳት አለባቸው። መጨረሻው ዝግ የሆነ መደዳም ይከፈት፤ ሰው ሊመለስ ሲዞር የሚጋፋው እዚያ ነው።

የእጅ መታጠቢያው ብዙ ጊዜ በር ላይ ይተከልና እሱ ራሱ የግፊያ ምክንያት ይሆናል። በሳሙና በደንብ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል፤ አንድ ቧንቧ በደቂቃ ከአንድ ሰው በላይ አያስተናግድም። በደቂቃ 6 ሰው የሚገባበት ገበያ ቢያንስ 6 ቧንቧ ይፈልጋል፤ ሰው ሲለዋወጥ የሚባክነውንና የሚበላሸውን ጨምረን 8 ወይም 9 እንላለን። በቧንቧዎቹ መካከል ያለው ርቀትም እንደ ሰልፉ ሁሉ 2 ሜትር ይሁን። ሳሙና ሲቀባ ውኃው ከተዘጋ ለአንድ ሰው 1 ሊትር ይበቃል፤ በቀን ለ3,600 ሰው 3,600 ሊትር ማለት ነው። ክፍት ሆኖ የሚፈስ ቧንቧ ግን ይህን ሦስትና አራት እጥፍ ያደርገዋል፤ ታንከሩ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይደርቃል። በእግር የሚረገጥ መክፈቻ ሁለቱንም ችግር ይፈታል፤ እጅ አይነካውም፣ እግር ሲነሳ ይዘጋል። የቆሸሸው ውኃ የት እንደሚሄድ ካልታሰበበት በሁለተኛው ቀን በሩ ጭቃ ሆኖ ሰው ሌላ መግቢያ ይፈልጋል።

ዋናው ነገር ግን ሸማቹ አይደለም። ሸማች ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፤ ሻጩ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሆኖ ከመቶዎች ጋር ይነጋገራል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ አንዳንድ ገበያዎች ምርመራ ሲደረግ ከሻጮቹ አብዛኞቹ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ጥቂት የምርመራ አቅም ያለው አስተዳደር በር ላይ ከሚያባክነው ለሻጭ፣ ለተሸካሚና ለጫኝ አውራጅ ያውለው። ሻጭ ሕመም ሲሰማው እንዲቀር ከተፈለገ ሁለት ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይረጋገጥለት፤ መደቡ እንደማይነጠቅና በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው መሸጥ እንደሚችል። ይህ ካልሆነ ሳሉን ደብቆ ይመጣል፤ እኛም በእሱ ቦታ ብንሆን እንመጣ ነበር። ሌላው የሚዘነጋው የምሳ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ጭምብል አድርገው የዋሉ ሻጮች ጭምብላቸውን አውልቀው ጠባብ ጥግ ውስጥ አንድ ላይ ይበላሉ። የምሳ ሰዓቱ ይፈራረቅ፣ ቦታውም ሰማይ ያለበት ይሁን።

የሙቀት መለኪያው የሚሰጠው መጽናኛ ከጥቅሙ ይበልጣል። በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ማስተላለፍ ይችላል፤ ጭራሹን ትኩሳት የማይታይበትም ብዙ ነው። ግንባር ላይ የሚነጣጠረው መሣሪያ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመን ሰው ከፍ፣ ላብ ያለበትን ዝቅ አድርጎ ያነባል። ይጠቀሙበት ከተባለ በጥላ ሥር ይሁን፣ ሰልፉንም አያቁም።

የአየር ነገር ጣሪያ ባለው ገበያ ከሁሉም ይቀድማል። በቤጂንግ ከ50 ቀናት በላይ አንድም የአገር ውስጥ ሕመምተኛ ሳይገኝ ቆይቶ በጁን 2020 በሺንፋዲ ጅምላ ገበያ ወረርሽኙ አገረሸ፤ ብዙዎቹ የተያዙት ቀዝቃዛ፣ እርጥብና አየር በማይገባበት ምድር ቤት የሚሠሩ ሻጮች ነበሩ። ጎንና ጎን የተሰቀለ ሸራና ላስቲክ ይነሳ፤ ዝናብ ካለ ከላይ ያለው ብቻ ይቆይ። ማራገቢያ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ከነፈሰ ጉዳት ነው፤ ፊቱ ወደ ውጭ ዞሮ አየሩን ይግፋ። የሰው ትንፋሽ ምን ያህል እንደተጠራቀመ የሚያሳይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ከተገኘ ገላጣ ቦታ ላይ ከሚሊዮን 420 (ppm) ገደማ ያነባል፤ ውስጥ 800 ሲያልፍ የሚገባው ሰው ይቀነስ። ከሰል ወይም ጋዝ የሚነድበት ቤት ግን ንባቡ ስለሚሳሳት አይታመንበት።

ርጭቱን በአጭሩ እንለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2020 መንገድንና ገበያን በኬሚካል መርጨት እንደማይመክር፣ ሰውን መርጨት ደግሞ በምንም ሁኔታ እንደማይገባ አሳውቋል፤ ክሎሪን አፈርና ቆሻሻ ሲነካ ኃይሉን ያጣል። እጅ የሚበዛባቸውን ነገሮች፣ ማለትም የሚዛን ሳህን፣ የበር እጀታና የጋሪ መግፊያ፣ መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ ከዚያ በበረኪና መጥረግ ይሻላል። 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና 400 ሚሊ ሊትር፣ ውኃ 19.6 ሊትር ሲሆን 0.1 በመቶ የሆነ 20 ሊትር ይወጣል። 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ምግብ የሚነካው ደግሞ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ፀሐይ ላይ የዋለው ኃይሉን አጥቶ ተራ ውኃ ይሆናል። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያመጣል።

የጅምላው ንግድ ከችርቻሮው ተለይቶ በሌሊት ይካሄድ፤ መኪናዎች ሲያራግፉ ሸማች ከተሸካሚ ጋር አይገናኝ። በሕንድ ቼናይ የሚገኘው የኮያምቤዱ ጅምላ ገበያ በሜይ 2020 መጀመሪያ ሲዘጋ ሠራተኞቹ ወደየትውልድ ቀያቸው ተበትነው ነበር፤ በሌሎች ወረዳዎችም ከዚያ ገበያ የተነሱ ሕመምተኞች ተገኙ። ከዚህ የምንወስደው፣ ገበያ መልሶ የሚዘጋበት መንገድ ከመክፈቱ በፊት መታሰብ እንዳለበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተሰላው ቁጥር ግማሹ ብቻ ይግባ። በሽታው ከመያዝ እስከ ምልክት እስከ 14 ቀን ሊወስድ ስለሚችል በአራተኛው ቀን «ምንም አልተፈጠረም» ብሎ መልቀቅ ያሳስታል። ሕመምተኛ ሲገኝ ጠቅላላውን ገበያ ከመዝጋት መደዳው ብቻ ይዘጋ፤ የዚያ መደዳ ሻጮችም ከመበተናቸው በፊት ይመርመሩ። ለዚህ ደግሞ የእያንዳንዱ መደዳ ሻጮች፣ ረዳቶችና ተሸካሚዎች ስምና ስልክ ከመክፈቻው ቀን በፊት ተመዝግቦ በአስተዳደሩ እጅ መገኘት አለበት። ተሸካሚዎቹ ቋሚ መደብ ስለሌላቸው ከዝርዝሩ የሚቀሩት ሁልጊዜ እነሱ ናቸው፤ ምዝገባው ከእነሱ ይጀምር።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕዝብ ጤናና የገበያ አስተዳደር ባለሙያዎች