የኤሌክትሪክ ትምህርት መዘውር ከማዞር ቢጀምር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ 5,150 ሜጋዋት የሚለውን ቁጥር የማያውቅ ተማሪ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜዬ አላጋጠመኝም፤ ውኃው ይህን ኃይል እንዴት እንደሚሰጥ ስጠይቅ ግን «ተርባይኑን ያዞረዋል» ከሚለው መልስ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ተማሪዎቹን አልወቅስም። የኤሌክትሪክ ዑደት ለብቻው፣ ኃይል ማመንጨትም ለብቻው ሲሰጣቸው ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ከየት ያዩታል?

መገናኛውን በእጃቸው እንዲያውቁት ከአሮጌ ዕቃ የወጣ ባለ ማግኔት ትንሽ ሞተር (ሲያዞሩት ኤሌክትሪክ ያመነጫል)፣ ሞተሩን በቀበቶ የሚያዞር መዘውር፣ ማብሪያ ማጥፊያና ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎች ይበቃሉ። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ መዘውሩ በቀላሉ ይዞራል። ሲበራ ይከብዳል፤ ሁለተኛው አምፖል በትይዩ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ ኃይል መዞሩን ይቃወማል። የደከመው የተማሪው ክንድ ነው፤ አምፖሉን ያበራውም ይኸው ድካም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ማዕድ ቤት መሻገር አይከብድም። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 4 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ 18 አምፔር ያህል ይስባል (በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ መጠምጠም ለምን ቤት እንደሚያቃጥል ማስረዳት የሚቻለውም እዚህ ላይ ነው)። አዲስ አበባ ውስጥ ምጣድ ሲሰካ በመረቡ ላይ ያሉት ማመንጫዎች ሁሉ፣ ግድቡ በሚገኝበት ጉባ ያሉትን ጨምሮ፣ ሸክሙን ይጋሩታል፤ ፍጥነታቸው እንዳይቀንስም ወደ ተርባይኖቹ የሚገባው ውኃ ይጨመራል። ከግድቡ 13 ማመንጫዎች አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ስላላቸው፣ በመስመር ላይ የሚባክነው ካልተቆጠረ፣ አንዱ ብቻ 100,000 ምጣዶችን በአንድ ጊዜ እንደሚያሠራ ተማሪው ራሱ አካፍሎ ይደርስበታል።

ሙከራው ከግድግዳ ሶኬት ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም።

የትምህርት ቢሮዎች ለመምህራን በሚሰጡት የክረምት ሥልጠና ይህን መሣሪያ እያንዳንዱ መምህር ራሱ ሠርቶት እንዲሄድ ቢያደርጉ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፈተና አዘጋጆችም የግድቡን አቅም በሜጋዋት ከመጠየቅ ይልቅ ብዙ ቤቶች በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲሰኩ በተርባይኑና በውኃው ላይ ምን እንደሚለወጥ ቢጠይቁ መምህሩም ትምህርቱን በዚያው መንገድ ለመስጠት ይገደዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር